ባለ ጥርስ ወይስ ልሙጥ? ከጎጃም ማሳ እስከ ማዕድ ቤት

ቢላ ሊገዛ ወይም ማጭድ ሊመርጥ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፤ ጥርስ ያለው ይሻላል ወይስ ልሙጡ? በደብረ ማርቆስ ሱቆች ከውጭ የገቡ፣ ጥርስ ያላቸው፣ ባለ ፕላስቲክ እጀታ ቢላዎች ተሰቅለው ይታያሉ። በገበያ ቀን ደግሞ ባለ እጆች በምድጃቸው የቀጠቀጡትን ቢላ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ማረሻ መሬት ላይ ዘርግተው ገዢ ይጠብቃሉ። አንዱ ሻጭ ባለ ጥርሱ ሳይሳል ዓመት ይሠራል ይላል፤ ሌላው የባለ እጅ ቢላ ድንጋይ ካገኘ አያረጅም ይላል። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ጥያቄው ግን በጥቅሉ ሲቀርብ መልስ የለውም። መልስ የሚገኘው የሚቆረጠው ነገር ምን እንደሆነና ስለቱ የዶለዶመ ዕለት ማን፣ በምን እንደሚያድሰው ሲታወቅ ነው። እኔ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አስበልጣለሁ። ምክንያቱም ስል ሆኖ መግዛት ቀላል ነው፤ ስል ሆኖ መኖር ግን ሙያ ይጠይቃል።

ስለት የሚቆርጠው የእጅን ጉልበት በጣም በጠበበ ቦታ ላይ ስለሚሰበስብ ነው። በደንብ የተሳለ ልሙጥ ስለት ጫፉ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ክፍል ጋር የሚቀራረብ ውፍረት ብቻ ይኖረዋል። ገፋ ሲያደርጉት የነካውን ሁሉ እኩል ይከፍላል፤ የተቆረጠውም ገጽ ለስላሳ ይሆናል። ባለ ጥርሱ በመጀመሪያ የሚነካው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነው። ጉልበቱ በእነዚያ ጥቂት ነጥቦች ላይ ስለሚያርፍ፣ ልሙጡን የሚያንሸራትተውን ደረቅ ቅርፊት ወይም ሙልጭልጭ ቆዳ ቶሎ ይበሳዋል፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ ስለት ደግሞ ተከትሎ ይቆርጣል። ጎድጓዳው ከመክተፊያው ጋር ስለማይጋጭ ረዘም ላለ ጊዜ ስል ሆኖ ይቆያል። ባለ ጥርስ ቢላ «ሳይሳል ይሠራል» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። ነገር ግን በመግፋት ብቻ አይቆርጥም፤ ወዲያና ወዲህ መሳብ ይፈልጋል። የቆረጠውንም ሻካራ አድርጎ ይተወዋል።

ጥርስ ያለው ስለት የዘመናዊ ፋብሪካ ፈጠራ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል፤ አይደለም። ሰው ብረትን ከማወቁ በፊት ስንጥር ድንጋዮችን እንጨት ላይ ደርድሮ እህል ያጭድ ነበር። በመካከለኛው ምሥራቅ ከተገኙት የጥንት የማጭድ ድንጋዮች መካከል ጠርዛቸው ሆን ተብሎ ጥርስ እንዲያወጣ የተሸረፉ አሉ። በእኛ አገር ደግሞ ባልጩት ነበረ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በመልካ ቁንጡሬ የጥንት ሰዎች ባልጩትን እየፈለጡ ስለት ያደርጉት የነበረው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ በሚቆጠር ዘመን ነው። በኮንሶና በጋሞ ያሉ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ በድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። የባልጩት ስለት ሲደንዝ የሚታደሰው ጠርዙን እንደገና በመሸረፍ ነው፤ ስለዚህ ጥርስና ልሙጥ፣ መቁረጥና ማደስ፣ አንድ ላይ የመጡ ጥያቄዎች ናቸው።

ማጭድ

የጎጃም ደጋ ዋነኛው ስለት ቢላ ሳይሆን ማጭድ ነው። ክረምቱ አልፎ አዝመራው ሲደርስ በጮቄ ተራራ ግርጌ ገብሱ፣ ዝቅ ሲል በደብረ ማርቆስ፣ በአማኑኤል፣ በሉማሜና በደጀን ዙሪያ ስንዴውና ጤፉ በአብዛኛው በእጅ ይታጨዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ የደቦና የወንፈል ወራት ናቸው። በባሌና በአርሲ ሰፋፊ የስንዴ ማሳዎች ኮምባይነር መግባት ከጀመረ ቆይቷል፤ በተራራማውና በጠባቡ የጎጃም ማሳ ግን ገበሬው ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ ጨብጦ በቀኙ ወደ ራሱ ይስባል። ይህ ወደ ራስ የመሳብ እንቅስቃሴ ነው ጥርስ ያለውን ማጭድ ተገቢ የሚያደርገው። ጥርስ መሳብ ይፈልጋል ብለናል፤ አጫጁም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ሌላው ምክንያት አገዳው ራሱ ነው። የደረሰ ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ አገዳው የደረቀና የለሰለሰ ነው፤ ውስጡም ከአፈር የወሰደው ሲሊካ አለበት። ሲሊካ የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር ነው። ልሙጥ ማጭድ በደረቅ አገዳ ላይ ይንሸራተታል፤ በሲሊካውም ቶሎ ይደነዝዛል። ጥርሱ ግን በጭብጥ ያለውን አገዳ ይዞ አያስመልጠውም፤ ጫፎቹ ቢደነዝዙ እንኳ ጎድጓዳው መቁረጡን ይቀጥላል። ለእርጥብ ሣር ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ለከብት የሚታጨድ ለምለም ሣርና ቄጠማ በውኃ የተሞላ ስለሆነ በጥርሶቹ መካከል ይጠቀጠቃል፤ እዚያ የተሳለ ልሙጥ ማጭድ ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ቤት ሁለት ማጭድ ቢኖረው ትርፍ አይደለም። አንዱ ለአዝመራ፣ አንዱ ለሣር ነው።

ይህ የእኛ ገበሬ ብቻ የደረሰበት እውነት አይደለም። በአሜሪካ ኦቤድ ሐሲ በ1833፣ ሳይረስ ማኮርሚክ ደግሞ በ1834 እ.ኤ.አ. የአጨዳ ማሽኖቻቸውን የፈጠራ መብት አስመዘገቡ፤ የማኮርሚክ ማሽን ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ስለቱ ጥርስ ነበረው። ዛሬም ለትራክተርና ለኮምባይነር የሚሸጡት የአጨዳ ስለቶች በሁለት ዓይነት ይመጣሉ። ለድርቆሽ ለሚታጨድ እርጥብ ሣር ልሙጡ ይመረጣል፤ እየተሳለም ይሠራል። ለደረቀ እህል ግን ጥርስ ያለው ይገጠማል፤ ሲደነዝዝ ከመሳል ይልቅ ይቀየራል። የፋብሪካው መሐንዲስና የጎጃም ገበሬ ሳይተዋወቁ አንድ ዘዴ ላይ ደርሰዋል።

የዶለዶመ ማጭድ የሚያስከትለው ኪሳራ በሚገባው መጠን አይነገርም። ለእኔ ከዚህ ዳሰሳ ሁሉ ክብደት ያለው ነጥብ ይህ ነው። የጤፍ ሥር ጥልቅ አይደለም። ማጭዱ ካልቆረጠ አጫጁ ሲስብ ተክሉ ከነሥሩ ይነቀላል፤ ከሥሩ ጋር አፈር ይመጣል፤ አፈሩም አውድማ ይደርሳል። የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከደቃቅ አሸዋና ከአፈር መለየት በጣም አስቸጋሪ ነው። እንጀራ ላይ ጥርስ የሚያንኳኳው አሸዋ አንዱ መነሻው ወፍጮ ቤት ወይም አውድማ ሳይሆን ያልተሳለ ማጭድ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ተክሉ በተነቀነቀ ቁጥር የደረሰው ፍሬ ይረግፋል፤ የአጫጁም ወገብ ያለ ልክ ይደክማል። ጭዱ ለከብት መኖና ለግድግዳ ጭቃ ስለሚፈለግ አጨዳው ወደ መሬት ይጠጋል። ወደ መሬት ሲጠጋ ደግሞ ስለቱ ጠጠርና አፈር ያገኛል። ስለዚህ የጤፍ ማጭድ ከሁሉም ስለት ቀድሞ የሚጎዳ፣ ከሁሉም ቀድሞ መታደስ የሚገባው ነው።

ባለ እጁና ብረቱ

ማጭዱን ማን ያድሰዋል? ባለ እጁ። ጥርሱን የሚያወጣው ብረቱ ገና ሳይጠነክር፣ በስል መሮ እየመታ ወይም በሞረድ ጠርዝ እየቆረጠ ነው። ጥርሱ ወደ እጀታው ያዘነበለ ከሆነ ወደ ራስ ሲሳብ ይነክሳል፤ ወደ ጫፉ ካዘነበለ አይሠራም። የጥርሶቹ ርቀት ሲጠብ ለቀጭኑ የጤፍ አገዳ ይመቻል፤ ሲሰፋ ለወፍራም አገዳ ይሆናል። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ያልተጻፈ፣ ከአባት ወደ ልጅ በእጅ የተላለፈ ዕውቀት ነው።

የብረቱ ዓይነት ደግሞ የስለቱን ዕድል አስቀድሞ ይወስናል። ዛሬ ባለ እጆች ከሚመርጡት ብረት ዋነኛው ከአሮጌ መኪና የሚወጣው ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ በክብደቱ 0.6 በመቶ አካባቢ ካርቦን ያለው ብረት ነው፤ በእሳት ግሎ ውኃ ወይም ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፣ ስለትም ይይዛል። ለግንባታ የሚውለው ተራ ፌሮ ግን ካርቦኑ ጥቂት ስለሆነ ቢነከርም እምብዛም አይጠነክርም። ከፌሮ የተሠራ ቢላ ሲሸጥ ስል መስሎ ይታያል፤ ከጥቂት ሽንኩርት በኋላ ጠርዙ ይታጠፋል። ገዢ ሁለቱን በዓይን መለየት ይከብደዋል። በሞረድ ጠርዙን መፈተን ግን ይቻላል። በደንብ የጠነከረ ብረት ላይ ሞረዱ ይንሸራተታል፤ ለስላሳውን ግን በቀላሉ ይበላዋል። ከዚህም ይልቅ ባለ እጁን «ከምን ሠራኸው?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ሙያውን የሚያከብር ባለ እጅ ይህን ጥያቄ ይወዳል።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ያለ ማረሻ፣ ያለ ማጭድና ያለ ቢላ አንድ ቀን ማደር የማይችል ማኅበረሰብ እነዚህን የሚሠሩለትን ሰዎች ለዘመናት «ቡዳ» እያለ ሲሸሽ፣ ማዕድና ጋብቻ ሲከለክላቸው ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሌላውን ባለ ሙያ በሥራው መሳደብ ከለከሉ፤ ያለ እነሱ አገር አገር እንደማይሆን ለሕዝቡ ነገሩት። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ርስት ያልነበራቸው ባለ ሙያዎች መሬት የሚያገኙበትን በር ከፈተ። ንቀቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ልጆቻቸው ሙያውን ትተው ወደ ከተማ ቢሄዱ ማን ይፈርድባቸዋል? በየመንደሩ ወናፉ የሚነፋበት ቦታ አንድ በአንድ ሲዘጋ ግን የሚጎዳው ማጭዱን የሚያሳድስበት ያጣው ገበሬ ነው። እሱም ከከተማ ርካሽ የፋብሪካ ማጭድ ገዝቶ፣ ሲደነዝዝ ጥሎ፣ ሌላ ይገዛል።

ማዕድ ቤት

ከማሳ ወደ ቤት ስንገባ ፍርዱ ወደ ልሙጡ ያጋድላል። ዶሮ በዐሥራ ሁለት ብልት ስትወጣ ቢላው አጥንት ሳይሰብር በመገጣጠሚያው ውስጥ መንገዱን ፈልጎ ማለፍ አለበት፤ ጥርስ ያለው ሥጋውን ይቦጫጭቃል፣ ቆዳውን ይጎትታል። በግ ሲገፈፍም ቆዳው እንዳይበሳ ልሙጥና ወደ ጫፉ ጎበጥ ያለ ቢላ ያስፈልጋል። የተበሳ ቆዳ ገበያ ላይ ዋጋው እንደሚወርድ የበዓል ቀን ቆዳ የሸጠ ሁሉ ያውቀዋል። በዕርድ ጊዜማ ጥያቄም መነሳት የለበትም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንስሳው ሳይሠቃይ በአንድ ጊዜ እንዲታረድ ስለሚፈልግ ቢላውን በዋዜማው ይስላል። ባለ ጥርስ ቢላ ለዕርድ ማቅረብ ጭካኔ ነው።

ሽንኩርት ሲከተፍ ልሙጥና ስል ቢላ የሽንኩርቱን ሕዋሳት ይቆርጣል፤ የደነዘውና ባለ ጥርሱ ይጨፈልቃቸዋል። የተጨፈለቀ ሽንኩርት ዓይን የሚያቃጥለውን ጋዝ የበለጠ ያወጣል። ከዚህ ጋር አንድ የእኛ ቤት ልማድ መታሰብ አለበት። ብዙዎቹ እናቶቻችን ሽንኩርት የሚከትፉት መክተፊያ ላይ ሳይሆን በመዳፋቸው ይዘው፣ ቢላውን ወደ አውራ ጣታቸው እየሳቡ ነው። ለዚህ አያያዝ ባለ ጥርስ ቢላ አደገኛ ነው፤ ጥርሱ ቆዳ ሲያገኝ እንደ መጋዝ ይጎትታል፤ ቁስሉም ጠርዙ የተቦጫጨቀ ስለሚሆን ቀስ ብሎ ይድናል። ቁርጥ የሚበላ ሰውም ሥጋውን ወደ አፉ አስጠግቶ ሲቆርጥ በእጁ ልሙጥ ቢላ ቢኖር ይመረጣል። በአንዳንድ ምግብ ቤቶች ጥርስ ያለው የማዕድ ቢላ የሚቀርበው ከሸክላ ሳህን ጋር እየተጋጨ ልሙጡ ወዲያው ስለሚደንዝ እንጂ ሥጋውን በተሻለ ስለሚቆርጥ አይደለም።

ባለ ጥርሱ በቤት ውስጥ የሚነግሥበት አንድ ቦታ አለ፤ ድፎ ዳቦ። በኮባ ተጠቅልሎ የተጋገረ ትልቅ ድፎ ውጪው ደረቅ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ልሙጥ ቢላ ቅርፊቱን ለመክፈት ሲጫን ውስጡን ይደፈጥጠዋል። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ሰፋ ሰፋ ያለ ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ ግን ሳይጫኑት በመሳብ ብቻ ያልፋል፤ ፍርፋሪውም ጥቂት ነው። ቲማቲምም ለባለ ጥርስ ይመቻል ይባላል። ይህ እውነት የሚሆነው ልሙጡ ሳይሳል ሲቀር ነው፤ የተሳለ ልሙጥ ቢላ የቲማቲም ቆዳ አያስቸግረውም።

በጎጃም የቅኔና የአብነት ትምህርት ቤቶችም የስለት ጉዳይ አለ። ብራና ጸሐፊው የመቃ ብርዑን ጫፍ የሚቀርጸው በትንሽና በጣም በተሳለ ልሙጥ ቢላ ነው። የብርዑ ጫፍ ከተሰነጣጠቀ ቀለሙ ይፈሳል፤ ፊደሉ ይበላሻል። ጥርስ ያለው ስለት እዚያ ቦታ የለውም።

ልሙጡን መሳል

ልሙጡን የማደስ ጥበብ በእጃችን ያለ ነው፤ አብዛኛው ቤት ግን ከግማሽ በላይ አያውቀውም። የተለመደው ቢላን ከቢላ ጋር ማፋጨት፣ ወይም የሲኒን ቂጥ ተጠቅሞ ጠርዙን መጎተት ነው። የሲኒው ሻካራ ያልተቀባ ቀለበት እውነትም ይስላል፤ ለአስቸኳይ ጊዜ መጥፎ አይደለም። ቢላ ከቢላ ማፋጨት ግን የታጠፈውን ጠርዝ ቀና ከማድረግ አልፎ አዲስ ስለት አያወጣም።

እውነተኛው ስለት የሚወጣው ድንጋይ ላይ ነው፤ ጎጃም ደግሞ ድንጋይ አያጣም፤ ምርጫው ግን ዕውቀት ይፈልጋል። ጮቄ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተፈጠረ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ በደጋው ላይ የምናየው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ባዛልት ደቃቅና ጠጣር ከሆነ ቀስ ብሎ ይስላል፣ ያለሰልሳልም፤ ስለዚህ ለማጠናቀቂያ ጥሩ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ ከባዛልቱ በታች የኖራ ድንጋይን፣ ከዚያም ወደ ሸለቆው ግርጌ የአሸዋ ድንጋይን ያገኛል። የአሸዋ ድንጋይ ኳርትዝ የተሞላ ነው። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ሲሆን የተጠናከረ ብረት ከ5 ከግማሽ እስከ 6 ከግማሽ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ኳርትዝ ብረትን ይበላል፤ በጣም ለዶለዶመ ቢላ መጀመሪያ እሱ ይመረጣል። የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድኑ 3 ብቻ ስለሆነ ለመሳያ አይረባም። ከሱቅ የሚገዛ ባለ ሁለት ገጽ መሳያ ድንጋይ ያለው ሰው በሻካራው ጀምሮ በለስላሳው ይጨርስ፤ ቁጥር ከተጻፈበት 400 አካባቢ ሻካራው፣ 1000 አካባቢ ለስላሳው ነው።

ዋናው ቁም ነገር ማዘንበያው ነው። ቢላው ድንጋዩ ላይ በጣም ከተኛ ጠርዙን ሳይነካ ጎኑን ብቻ ይፈትጋል፤ በጣም ከቆመ ጠርዙን ያደነዝዘዋል። ለማዕድ ቤት ቢላ በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃል። ዲግሪ የሚለካ መሣሪያ አያስፈልግም፤ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቢላ ጀርባው ከድንጋዩ ከ1 እስከ 1.4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ በዚህ መካከል ይሆናል። ድንጋዩን በውኃ አርሶ፣ ማዘንበያውን ሳይለቁ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ መሳብ ነው። በአንድ ጎን ሲሳል ቆይቶ በሌላው ጎን ጠርዙን በአውራ ጣት ቀስ ብለው ሲዳስሱ (በርዝመቱ ሳይሆን ወደ ውጪ) ጎርበጥ የሚል ቀጭን የብረት ጥቅልል ይሰማል። ይህ ጥቅልል ከሥር እስከ ጫፍ ሳይታይ ቢላውን መገልበጥ ከንቱ ድካም ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲታይ ብቻ ይገለበጥና ሌላው ጎን እንዲሁ ይሳላል። በመጨረሻ በጣም ቀለል ባለ እጅ እያፈራረቁ ጥቅልሉን መጣል፣ ከተቻለም ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተቱ በደረቅ ቆዳ ላይ ማፅዳት ይገባል። በአየር ላይ የተያዘ ወረቀት ሳይቀድ ከቆረጠ በቃው።

የባሌስትራ ቢላ ይዝጋል፤ ይህ እውነተኛ ጉድለቱ ነው። ታጥቦ ወዲያው መድረቅ፣ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ዘይት መቀባት ይፈልጋል። ሎሚና ቲማቲም ሲነካው የሚያወጣው ጥቁረት ግን ዝገት አይደለም፤ አይጎዳም። የማይዝግ ብረት በሰፊው መታወቅ የጀመረው ሃሪ ብሬርሊ በእንግሊዟ ሼፊልድ በ1913 እ.ኤ.አ. ከሠራው ወዲህ ነው። ለማዕድ ቤት ትልቅ በረከት ነው። ርካሹ ዓይነት ግን ለስላሳ ስለሆነ ስለቱ ቶሎ ይታጠፋል፤ ፋብሪካዎች ጥርስ የሚያወጡለትም አንዱ ምክንያት ይህን ድክመቱን ለመሸፈን ነው።

ባለ ጥርሱን ማደስ

ባለ ጥርስ ቢላ አይሳልም የሚባለው ስሕተት ነው፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ ግን አይሳልም። በጠፍጣፋ ድንጋይ የሳለው ሰው ጥርሶቹን ብቻ እያሳጠረ ይሄዳል። አብዛኞቹ ባለ ጥርስ ቢላዎች በአንድ ጎናቸው ብቻ የተሞረዱ ናቸው፤ ሌላው ጎን ዝርግ ነው። መታደስ ያለበት የተሞረደው ጎን ነው። ለእያንዳንዱ ጎድጓዳ የሚገጥም ክብ ዘንግ ተፈልጎ፣ የቀድሞውን ማዘንበያ ጠብቆ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ጥቂት ጊዜ መሳብ ነው። በዝርጉ ጎን ጥቅልል ሲሰማ ቢላውን በዝርጉ አስተኝቶ ለስላሳ ድንጋይ ላይ አንድ ሁለቴ ማንሸራተት ይበቃል። ለዚህ የሚሸጠው የአልማዝ ዘንግ በየከተማችን በቀላሉ አይገኝም። እርሳስ ወይም ክብ እንጨት ላይ የተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ሥራውን ይሠራል። ባሕር ዛፍ የሚቆርጡ ባለ ሞተር መጋዞች የሚጠቀሙበት ከ4 እስከ 5.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ክብ ሞረድም ለሰፊ ጥርስ ይሆናል።

ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ልሙጡን ከመሳል ጊዜው ይረዝማል። ጥርሶቹ በጣም ደቃቅ ከሆኑና በሁለቱም ጎን የተሸረፉ ከሆነ ደግሞ ምንም አያድሳቸውም። «መሳል አያስፈልገውም» እየተባሉ የሚሸጡት ርካሽ ቢላዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። አባባሉን በትክክል ማንበብ ያስፈልጋል፤ መሳል አያስፈልገውም ሳይሆን መሳል አይቻልም ማለት ነው። ከአንድ ልሙጥ ቢላ ዋጋ ያነሰ ተከፍሎ የተገዛ፣ ግን በየጊዜው የሚጣልና የሚተካ ቢላ ርካሽ አይደለም።

አዲስ ልማድ እየሆነ የመጣውን የግራይንደር ስለትም በዝምታ አላልፈውም። በየብየዳ ቤቱ ቢላ፣ መጥረቢያና ማጭድ በግራይንደር ሲሳል ብልጭታው ያምራል፤ ሥራውም በቅጽበት ያልቃል። ቀጭኑ ጠርዝ ግን ሙቀቱን መሸከም አይችልም። ብረቱ ወደ 220 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይሆናል፤ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ። ሰማያዊ ቀለም የታየበት ጠርዝ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ያ ክፍል ተፈትጎ እስኪያልቅ ድረስ ስለት አይይዝም። ማጭድ ከሆነ ደግሞ ግራይንደሩ ጥርሱን ጠርጎ ልሙጥ ያደርገዋል፤ ገበሬው ኅዳር ላይ ማሳ ሲገባ ነው የተደረገበትን የሚያውቀው። ግራይንደር ግድ ከሆነ ብረቱን በየቅጽበቱ ውኃ ውስጥ እየነከሩ፣ እጅ ሊይዘው እስከሚችል ድረስ ብቻ ማሞቅ ነው። አናጢዎች የመጋዛቸውን ጥርስ በባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ አንድ በአንድ የሚስሉት ይህን ስለሚያውቁ ነው። የማጭድ ጥርስም ሞረድ የማይበላው እስኪሆን ካልጠነከረ ከአናጢ ሞረድ ብዙ ሊጠቀም ይችላል፤ የገበሬ ቤት አንድ ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ቢኖረው ወደ ባለ እጁ በሚሄድባቸው ጊዜያት መካከል ማጭዱን በራሱ ይንከባከባል።

እንግዲህ ገበያ ለሚወጣው አንባቢ የምመክረው ግልጽ ነው። ለቤቱ አንድ የባሌስትራ ልሙጥ ቢላ ከባለ እጅ ይግዛ፤ ለዳቦ አንድ ረዘም ያለ፣ ጥርሱ ሰፋ ያለ የማይዝግ ቢላ ይጨምር፤ ለአዝመራው ባለ ጥርስ፣ ለሣሩ ልሙጥ ማጭድ ይያዝ። ማጭዱን ኅዳር እስኪገባ ሳይጠብቅ በመስከረም ወደ ባለ እጁ ይውሰድ፤ ሥራው ሲበዛ ጥድፊያው ጥርሱን ያበላሻልና። በደብረ ማርቆስና በየወረዳው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማትን ደግሞ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ብየዳና ማሽን ስታስተምሩ የብረት ማጠንከርን፣ የማጭድ ጥርስ ማውጣትንና የስለት ማደስን ከትምህርቱ ጋር አብራችሁ ስጡ፤ ለዚህም አረጋውያን ባለ እጆችን በክብርና በደመወዝ አስተማሪ አድርጋችሁ ጥሩ።